ጋሽ አጥናፉና ሁለቱ ራዳሮች

የጋሽ አጥናፉን መሞት የሰማሁት ሚዛን ገበያ ውስጥ፣ ቁንዶ በርበሬ ከሚሸጥ የቴፒ ነጋዴ ነው። ከመርከብ በፈቃድ ወጥቼ ቤቴ ከገባሁ ገና ሳምንት አልሞላኝም ነበር። ሰውየው ኪሎውን እያስተካከለ አጠገቡ ላለው ሰው «ያ ባሕረኛው ሰውዬ አረፈ፤ ትናንት ቀበርነው» አለው። ደነገጥኩ። ቴፒ ውስጥ ባሕረኛ የሚባል ሌላ ሰው የለም። ቡና፣ ማርና ዝንጅብል በሚነገድበት አገር ሁለት ባሕረኛ ከየት ይመጣል?

«አጥናፉን ነው የምትለው?» አልኩት።

«አዎ፣ ጋሽ አጥናፉን። ታውቀዋለህ እንዴ?»

አውቀዋለሁ ወይ! የምበላው እንጀራ፣ የልጄ ትምህርት፣ የቤቴ ቆርቆሮ ሳይቀር ከእሱ እጅ የተቀበልኩት ነው። ይህን ቆሞ ለሚመዝን ሰው በምን አፌ ልንገረው? «አብረን ሠርተናል» ብዬ የገዛሁትን እንኳ ሳልቀበል ወጣሁ።

በማግሥቱ ጠዋት በመጀመሪያው ሚኒባስ ወደ ቴፒ ተሳፈርኩ። ሹፌሩ ሙዚቃውን ለቆት ነበር፤ ለቅሶ እየሄድኩ መሆኑን ስነግረው አጠፋው። ሸኮን አልፈን መንገዱ ጫካው ውስጥ ሲገባ መስኮቱን ከፈትኩት። ሰው ሲሞት መጀመሪያ የሚታወስህ ትልቁ ነገር አይደለም። እኔ ትዝ ያለኝ ኮረሪማ ነው።

መርከቧ ላይ በኤሌክትሪክ ሠራተኛነት የተቀጠርኩት መርከቦቻችን አሰብን ትተው ጅቡቲ መመላለስ ከጀመሩ በኋላ ነው። ቴክኒክ ትምህርት ቤት ስለ ሽቦና ስለ ሰርኪዩት ተምሬያለሁ፤ ስለ ማዕበል ግን ያስተማረኝ ሰው የለም። ከወደብ በወጣን በመጀመሪያው ቀን መርከቧ መናጥ ስትጀምር አንጀቴ እስኪገለበጥ አስመለሰኝ። የጠርዙን ብረት ጨብጬ ስሰቃይ አንድ አጭር፣ ደረተ ሰፊ፣ ጺሙን እንደ ወታደር ሙልጭ አድርጎ የተላጨ ሰው መጣና እጄን ፈልቅቆ የኮረሪማ ፍሬ አስቀመጠበት።

«አኝከው፤ ቶሎ አትዋጠው። የየት አገር ልጅ ነህ?»

«የሚዛን ተፈሪ» አልኩ በስንት ጭንቅ።

«ሚዛን!» ብሎ ጮኸ። «እኔ እኮ የጌጫ ነኝ። ጎረቤቴ ነሃ!»

በዚያን ጊዜው መንገድ ከሚዛን ጌጫ፣ በተለይ ክረምት ከሆነ፣ ሰው ቤተሰቡን ተሰናብቶ የሚሄድበት ሩቅ አገር ነበር። ቀይ ባሕር ላይ ቆሞ ለሚያየው ግን እውነትም የአንድ አጥር ጎረቤታሞች ነበርን። ኮረሪማው ማስመለሴን አቆመልኝ ብል ውሸት ይሆናል። ብቻዬን እንዳልሆንኩ ግን የዚያን ቀን አወቅሁ።

ጋሽ አጥናፉ የመርከቧ የራዳር ሰው ነበር። ራዳር ለማያውቅ አንባቢ፦ ምሰሶ ላይ የሚሽከረከረው አንቴና ወደ ባሕሩ ሞገድ ይልካል፤ ሞገዱ መርከብ ወይም ቋጥኝ ነክቶ ሲመለስ ስክሪን ላይ ነጥብ ሆኖ ይታያል። ጭጋግ ሲወርድ፣ አቧራ ሲነሣ የመርከብ ዓይን እሱ ነው። የእኛው ከመርከቧ እኩል ያረጀ፣ ቁም ሣጥን የሚያህል፣ ፊትህን የጎማ መሸፈኛው ውስጥ ካልደፋህ በቀር ምንም የማያሳይ ነበር። ጋሽ አጥናፉ «አሮጊቷ» ይላታል። ከእሷ ጋር ከመዋሉ ብዛት የጎማው ጠርዝ ያተመበት ምልክት ከግንባሩ አይጠፋም።

ትውልዱ ጌጫ ደጋው ላይ ነው፤ እዚያ ጭጋጉ የእንሰቱን ጓሮ እስከ ረፋድ ሸፍኖት ይቆያል። «እናቴ ውኃ ቀድታ ስትመለስ መጀመሪያ ድምፅዋን እሰማለሁ፤ ከብዙ ቆይታ በኋላ ነው እሷን የማያት። የራዳርን ሙያ ያስጀመረችኝ እሷ ናት» ይል ነበር። በወጣትነቱ ባሕር ኃይል ገብቶ ምጽዋ ላይ ሠለጠነ። መንግሥት ተለውጦ ባሕር ኃይሉ ሲበተን ወደ አገሩ ተመልሶ ቴፒ ላይ እትዬ አስካለን አገባ። ጥቂት ከርሞ የንግድ መርከብ ላይ ሥራ ሲያገኝ ወደ ባሕሩ ተመለሰ።

ትሑት ሰው ነበር ብል ከተቀበረበት ሆኖ ይስቅብኛል። ድምፁ ትልቅ፣ ቁጣው ቅርብ ነው። ካርታ ሲጫወት ከተሸነፈ ካርታው እንደገና ይቆጠር ይላል። ሰው የነገረውን ነገር በጭራሽ አያምንም። የመርከቧ ወጥ ቤት «ወጡ በስሏል» ሲል «እስኪ እኔ ልየው» ብሎ ክዳኑን ይከፍታል። መካኒኩ «ፓምፑ ተሠርቷል» ሲል «እስኪ እኔ ልየው» ብሎ ያን ሁሉ ደረጃ ወደ ሞተር ክፍል ይወርዳል። መርከበኞቹ ከኋላው «እስኪ እኔ ልየው መጣ» ይባባላሉ፤ እሱም ሰምቶ ይስቃል። ሲብስበት የሚቆጣው በእናቱ ቋንቋ ነበር። ማንም ስለማይገባው ማንም አይቀየመውም።

አንድ ቀን ካፒቴኑ ሁለታችንን ክፍሉ አስጠራን። የአዲስ አበባ ልጅ ነው፤ ቁጥብ፣ ነገር የማያስረዝም ሰው።

«ዋናው ቢሮ አሮጌውን ራዳር ሊቀይረው ነው» አለ። «አዲሱ ብዙውን ነገር ራሱ ይሠራል። ስለዚህ ለራዳርና ለኤሌክትሪክ ሁለት ሰው አያስፈልግም ብለዋል። በአዲሱ አንድ ጉዞ ሠርተን ስንመለስ ማን ይቅር፣ ማን ይውረድ የሚለውን ወስኜ የማሳውቀው እኔ ነኝ። ከሌላ ሰው እንዳትሰሙት ብዬ ነው።»

ወጥተን በጠባቡ ኮሪደር ሄድን። እኔ ሚዛን ላይ ጡት ያልጣለች ልጅ አለችኝ፤ ሌላ ሥራም የለኝም። እሱ ደግሞ ዕድሜውን የጨረሰው ባሕር ላይ ነው። ደረጃው ጋ ስንደርስ ቆመና «ቴፒ ሄጄ ምን ልሠራ? ቡና ሲደርቅ ቆሜ ልይ?» አለ። ከዚያ ፊቴን አየና ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። «ና ባክህ፤ ሙሽራዋ ሳትመጣ ቤቱን እናሰናዳ።» ያቺኛዋ አሮጊት ከሆነች አዲሷ ሙሽራ መሆኗ ነው።

ሙሽራዋ ጅቡቲ ወደብ ላይ በትልልቅ ሣጥኖች ታሽጋ መጣች። የሻጩ ወኪል የላከው ባለሙያም አብሯት መጣ፤ ቀጭን፣ ፈጣን፣ ላቡን በክንዱ እየጠረገ የሚሠራ ሰው ነው። በጅቡቲ ሙቀት የብረት ምሰሶ ላይ ወጥቶ ብሎን መፍታት ምን እንደሆነ ያላየ ሰው አይገባውም፤ መፍቻው ራሱ እጅ ያቃጥላል። ሰውየው ገና ሲመጣ «አሮጌውን አንቴና እናውርደው» አለ። ጋሽ አጥናፉ ምሰሶው ሥር ቆሞ «አይወርድም» አለ። ጩኸቱን ሰምቶ ካፒቴኑ መጣ።

«ምንድነው ችግሩ፣ ጋሽ አጥናፉ?»

«ካፒቴን፣ በእኛ አገር ያረጀ ቡና እንዲታደስ ሲጎነደል ሁሉንም ግንድ አንዴ አንቆርጠውም። አንዱን እንተወዋለን። አዲሱ ከሥር እስኪያቆጠቁጥ ድረስ ሥሩን የሚያስተነፍሰው እሱ ነው። አዲሱ ሲጠና ያንንም እንቆርጠዋለን። እባክዎ አንድ ጉዞ ሁለቱም ጎን ለጎን ይሥሩ። ስንመለስ አሮጊቷን እኔው ራሴ አወርዳታለሁ።»

«ይሄ እኮ ቡና አይደለም።»

«አውቃለሁ። ቡና ቢሆንማ ጥላ ነበረው፤ እዚህ ፀሐይ ላይ መች እቆም ነበር?»

ካፒቴኑ ሳቀ። «አንድ ጉዞ ብቻ» ብሎ ሄደ። መርከበኞቹ ግን ነገሩን በሌላ ተረጎሙት። «ሽማግሌው እንጀራውን ነው የሚያስተነፍሰው» ተባባሉ። እውነቱን ልናገርና እኔም በልቤ እንደዚያው ብዬ ነበር።

ለአዲሱ አንቴና ከአሮጌው ዝቅ ብሎ ሌላ ማቆሚያ በየድን፤ ኬብሉን በምሰሶው ውስጥ ስበን አወረድን። ባለሙያው ጨርሶ መሣሪያውን ሲሰበስብ ጋሽ አጥናፉ ያችኑ ቃሉን ተናገረ፤ «እስኪ እኔ ልየው።» ስክሪኑ ላይ የመርከቧን አፍንጫ የሚያሳይ ቀጥ ያለ መስመር አለ። ያ መስመር ከእውነተኛው አፍንጫ ትንሽ ከዞረ ፊት ለፊት ያለውን ነገር ወደ ጎን አድርጎ ያሳይሃል፤ ከዚያ በኋላ ጉድህ ፈላ ማለት ነው። እኔን ውጭ አቆመኝ፤ ራቅ ብላ መልሕቅ የጣለችን መርከብ በኮምፓሱ እያነጣጠርኩ ቁጥሩን እጠራለሁ፣ እሱ ውስጥ ሆኖ ከስክሪኑ ጋር ያመሳክራል። ደጋገምነው። ባለሙያው ሣጥኑ ላይ ተቀምጦ ሰዓቱን ያያል። በመጨረሻ ጋሽ አጥናፉ ወጣና እጁን ዘረጋለት። «ልክ ነህ፤ ምንም የምነካው የለም። ጥሩ እጅ አለህ» አለው። ሰውየው ስድብ ነበር የሚጠብቀው፤ መዳፉን ሱሪው ላይ ጠርጎ ጨበጠው።

እንዲህ ሆነን ሁለት አንቴና እያዞርን ወደ ሰሜን ሄድን። ያን ጉዞ እስክሞት አልረሳውም። ጋሽ አጥናፉ ጠዋት ጠዋት ተማሪ፣ ከሰዓት በኋላ አስተማሪ ነበር። «አንተ ቁልፉን አሳየኝ፤ እኔ ባሕሩን ላሳይህ» ብሎ ነው የጀመርነው። አዲሱ ራዳር ላይ አንድ ነገር ስትነካ አሥር ነገር ይከፈታል። መነጽር አያደርግም፤ ዓይኑ እንደ አሞራ ነው፤ ግን ትዕግሥት የለውም። መሣሪያው ደግሞ መርከብ በቀረበ ቁጥር ይጮሃል። «ይቺ ልጅ ወሬ ታበዛለች!» ይላል፤ ማስጠንቀቂያውን ያጠፋዋል፤ እኔ መልሼ እከፍተዋለሁ። ከሰዓት በኋላ ደግሞ በተራው ፊቴን የአሮጊቷ ጎማ ውስጥ ያስደፋኝና የዝናብ ደመና ምን እንደሚመስል፣ ደሴት ምን እንደሚመስል፣ ማዕበል እንዴት ብቅ ብሎ እንደሚጠፋ ያሳየኛል። የሚያስተምረኝ የገዛ ቦታውን ሊወስድበት የሚችል ሰው መሆኔን እያወቀ ነው። አንዲት ነገር አልደበቀኝም።

አንድ ነገሬ ግን ያናድደው ነበር። አባቴ መምህር ነው፤ ለሥራ ተመድቦ ከጎጃም ሚዛን የመጣ። ቤታችን ውስጥ ትልቅ ሰው ሲናገር ልጅ መሬት መሬቱን ያያል። ትልቁ ሰው ቢሳሳት እንኳ አንገቴን ደፍቼ «እሺ» ነው የምለው። ጋሽ አጥናፉ ይህን ቶሎ ደረሰበት። አንድ ቀን የኬብል ቀለም ተሳስቶ ነገረኝ፤ ስህተቱን እያወቅሁ ዝም ብዬ እንዳለኝ ላገናኝ ስል እጄን ያዘኝ።

«ልክ ነው?»

«አይደለም፣ ጋሼ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልክ?»

«አንተ ስላልከኝ።»

«ስማ» አለኝ፤ አልሳቀም። «አክብሮትህን ቴፒ ስንገናኝ ታሳየኛለህ፤ እትዬ አስካለ ፊት ጎንበስ ትልልኛለህ። እዚህ ግን ካከበርከኝ ትገድለኛለህ።» እሺ አልኩት። እንደ ልማዴ አንገቴን ደፍቼ።

በመልሳችን፣ የቀይ ባሕር ደቡቡ ጫፍ ሲቀርብ፣ በጠራራ ቀን አቧራ ተነሣ። ከየመን በኩል ይሁን ከእኛ በኩል አላውቅም፤ ሰማዩም ባሕሩም አንድ ዓይነት ቡላ ሆኑ። የመርከቧ አፍንጫ ራሱ ጠፋ። ካፒቴኑ ፍጥነት አስቀንሶ ሁለታችንንም መሪው ክፍል ጠራን። ጋሽ አጥናፉ አሮጊቷ ላይ ተደፋ፤ እኔ ሙሽራዋ ፊት ቆምኩ። ካፒቴኑ ከኋላችን ካርታው ላይ አጎንብሷል፤ ሬዲዮው ያለማቋረጥ ይንጫጫል።

«ምን ይታያል?» አለ ካፒቴኑ።

«በግራ ሁለት መርከብ፣ ሩቅ ናቸው። ፊት ለፊት ማዕበል ብቻ ነው» አለ ጋሽ አጥናፉ።

እኔ ግን ፊት ለፊት፣ የአፍንጫው መስመር ላይ፣ አንዲት ትንሽ ነጥብ አየሁ። ማዕበል ብቅ ብሎ ይጠፋል። ይህች አንቴናው በዞረ ቁጥር እዚያው ናት፤ ደግሞም እየቀረበች ነው። የእንጨት ጀልባ ሞገዱን ደህና አድርጎ አይመልስም፤ አሮጌው ራዳር ላይ ከማዕበሉ ለይቶ ማየት እንደማይቻል አሁን አውቃለሁ። ያን ጊዜ ግን ያሰብኩት አንድ ነገር ነው፦ ይህን ያህል ዘመን የሠራ ሰው ማዕበል ነው ብሏል፤ እኔ ማን ነኝ? እሱ ደግሞ ቦታውን ሊያጣ በተቃረበበት ሰዓት፣ በካፒቴኑ ፊት፣ ተሳስተሃል ልበለው?

«አንተ፣ ምን ሆነሃል?» አለኝ ራሱን ሳያነሣ።

«ምንም፣ ጋሼ።»

«ምንም ካልሆነ ለምን ትንፋሽህን ያዝክ?»

«ማዕበል ነው መሰለኝ... አንተ እንዳልከው...»

ከጎማው ውስጥ ፊቱን አወጣ። እንደዚያ ተቆጥቶ አይቼው አላውቅም። «እኔ ያልኩትን እኔ አውቀዋለሁ! አንተ ያየኸውን ተናገር!»

«ጀልባ ነው!» አልኩ። «ፊት ለፊታችን ነው። ተሳስተሃል፣ ጋሼ!»

ዘሎ አጠገቤ ቆመ። ስክሪኑን አንዴ አየና ያ ትልቅ ድምፁ ክፍሉን አናጋው። «ካፒቴን! ወደ ቀኝ! ጀልባ ፊት ለፊት!»

መርከብ እንደ መኪና አይታጠፍም። መሪው እስከ መጨረሻው ዞሮ እንኳ መጀመሪያ ምንም የሚሆን አይመስልም። ቆመን ጠበቅን። ከዚያ አፍንጫው ቀስ እያለ ወደ ቀኝ መሄድ ሲጀምር ከቡላው ውስጥ ሳምቡክ የሚሉት የዓሣ አጥማጆች የእንጨት ጀልባ በግራችን ብቅ አለ። ሞተሩ ሳይበላሽ አይቀርም፤ ቆሟል። አንዱ ሰው ሸሚዙን አውልቆ ያውለበልባል፣ ሌሎቹ እጃቸውን ወደ ላይ አንሥተዋል። ፊታቸው ይታየኝ ነበር። መርከባችን የቀሰቀሰችው ማዕበል ጀልባቸውን ከፍ ዝቅ አደረገው እንጂ አልነካቸውም።

ጋሽ አጥናፉ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ።

ራት ላይ ሁላችንም መመገቢያው ክፍል በተሰበሰብንበት ካፒቴኑ ቆመ። ከኋላ ሆኖ የሰማው የጋሽ አጥናፉን ጩኸት ብቻ ነው፤ የእኛን ንግግር ሬዲዮው ውጦታል።

«ዛሬ የሰው ነፍስ ተርፏል» አለ። «ያተረፈው የጋሽ አጥናፉ ዓይን ነው። ማን ይቅር፣ ማን ይውረድ ለሚለው ጥያቄ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ የምፈልግ አይመስለኝም።»

ሁሉም አጨበጨበ፤ እኔም አጨበጨብኩ። ልጄ ፊቴ ላይ መጣችብኝ። «ያየሁት እኔ ነኝ» ልበል? እሱ ባለበት? ምላሴ አልላወስ አለኝ። ጋሽ አጥናፉም ዝም ቢል ማንም አይጠይቀው ነበር፤ ምግቡን በልቶ ቢተኛ ቦታው የእሱ ነው።

ተነሣ።

«ካፒቴን፣ ይቅርታ። እኔ ማዕበል ነው ብዬ ነበር። ጀልባውን ያየው ይሄ ልጅ ነው። እኔ የጮኽኩት እሱ ተሳስተሃል ካለኝ በኋላ ነው። እኔ ብቻዬን ብሆን ኖሮ በላያቸው ላይ ሄደንባቸው ነበር።»

ካፒቴኑ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ጋሽ አጥናፉ፣ ይህን ስትል ምን እያልክ እንደሆነ ታውቃለህ አይደል?» አለው።

«አውቃለሁ። አዲሱ ሲጠና ያስተነፈሰው ግንድ ይቆረጣል ብያለሁ። አንድ ጉዞ ነው የጠየቅሁት፤ አንድ ጉዞ ሰጥተውኛል፤ እግዜር ይስጥልኝ።» ተቀመጠና ወደ እኔ ዞረ። «ዳቦውን ወዲህ በለው» አለኝ።

ከራት በኋላ ክፍሉ ሄጄ ላመሰግነው ብሞክር አላስጨረሰኝም። «አንተ ፊቴ ላይ ተሳስተሃል ያልከኝ ቀን መርከበኛ ሆነሃል። አሁን ሂድ፤ ልተኛበት» አለኝ። ጅቡቲ ስንደርስ ቃሉን ጠብቆ ምሰሶው ላይ ወጣ፤ የአሮጊቷን አንቴና በገዛ እጁ ፈትቶ አወረዳት። ሻንጣውን ይዞ ሲወርድ መሰላሉ ላይ ቆም ብሎ የመጨረሻ ትምህርቱን ሰጠኝ። «ሰው ይቀየመኛል ብለህ ዝም እንዳትል። የሚቀየም ካለ ወደ እኔ ላከው።» ብዙዎች ተቀይመውኛል። አንዱንም አልላክሁበትም፤ ነገር ግን ቴፒ ላይ አንድ ጠበቃ እንዳለኝ እያሰብኩ ስንት ነገር ተናግሬያለሁ።

ቴፒ ስደርስ ደጃፉ ላይ ድንኳን ተጥሏል። ሰው አግዳሚው ላይ ሞልቷል፤ የማላውቀው ሰው ቦታ ለቀቀልኝ። ፊት ለፊቱ ሱቅ ያላቸው ጎረቤቱ ሐጂ ነስሩ እያወሩ ነበር።

«ምን ያደርጋል» አሉ። «እንዲያ ያለ ባለሙያ! ዓይኑ ደክሞ ነው ከባሕር የመለሱት። ዓይኑ ባይከዳው እስከ ጡረታው እዚያው ነበር። ይህን የነገረኝ ራሱ ነው።»

ሰዉ ሁሉ ራሱን ነቀነቀ። ሁሉም ያውቁታል ማለት ነው። እኔ ብቻ ነኝ የማላውቀው። የምን ዓይን መድከም? ባለፈው ክረምት ልጠይቀው ስመጣ ከበሩ ላይ ተቀምጦ ማዶ ዛፍ ላይ ያለ ጉሬዛ እያሳየኝ እኔ ነበርኩ ያጣሁት።

ትልልቅ ሰዎች በተቀመጡበት ተነሥቶ መናገር እስከ ዛሬ ይከብደኛል። ያን ቀን ተነሣሁ።

«ሐጂ፣ ይቅር ይበሉኝ፤ ተሳስተዋል» አልኩ። «የጋሽ አጥናፉ ዓይን ደህና ነበር። እንጀራው ሊቀጥልለት ሲል እውነቱን ተናግሮ ለእኔ የለቀቀልኝ ሰው ነው። እስከ ዛሬ የምሠራው በእሱ ቦታ ነው።» ስለ ሁለቱ ራዳሮች፣ ስለ ጀልባው፣ ራት ላይ ስለ ተናገረው ሁሉንም ነገርኳቸው። እያለቀስኩ ነበር፤ አላፈርኩም።

ከዚያ ሐጂ ነስሩ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ ጣሉ።

«ቆይ እንጂ» አሉ። «እኔ እኮ ይህን ሁሉ ዓመት አስፋልቱን የማሻግረው እጁን ይዤ ነው! መኪና መጣ፣ ቁም እለዋለሁ፤ ይቆምልኛል! በቀደም እንኳ ጉድጓድ አለ፣ እግርህን አንሣ ስለው አነሣልኝ!»

መጀመሪያ አንድ ሰው ሳቀ። ከዚያ ድንኳኑ ሙሉ እንባውን እየጠረገ ሳቀ፤ ሐጂም ሳቁ፤ ሳቃቸው መሃል ላይ ለቅሶ ሆነባቸው።

እትዬ አስካለ ከቤት ውስጥ ሰምታን ኖሮ በነጠላዋ ጫፍ ጠቅሳ ጠራችኝ። ገብቼ አጠገቧ ቁጭ አልኩ።

«እኔም ተቆጥቼው ነበር» አለችኝ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «በደህና ዓይንህ እንዴት ታውሬአለሁ ብለህ ታሟርታለህ? አልኩት። አልሰማኝም። "ያ ልጅ እኔን ሳይጠይቅ አይቀርም፤ ይመጣል" አለኝ። "ሲመጣ ሰፈሩ የአጥናፉን እንጀራ የወሰደ ብሎ እንዲያየው አልፈልግም። ዓይኔ ነው ካልኩ በልጁ ላይ የሚከፋ ሰው አይኖርም" አለኝ። እሱ እንዳለው ሆነ፤ ቤታችን በመጣህ ቁጥር እኮ ሐጂ ማር ይዘው ነው የሚገቡት።»

እውነት ነው። ቴፒ በመጣሁ ቁጥር ያ ሰፈር እንደ ሙሽራ ነበር የሚቀበለኝ፤ አንዱ ማር ያመጣል፣ አንዱ ሙዝ፣ ማታ ደግሞ እኛ ቤት ካላደርክ የሚል አይጠፋም። እኔ የቴፒ ሰው ለእንግዳ ሁሉ እንደዚያ የሚሆን ይመስለኝ ነበር።